ነፍሳት እንዴት ይለወጣሉ
በደብሩ የምሥረታ በዓል ላይ ለካህናት፥ ለወላጆችና ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በ2013 ዓ.ም. በዓለ ትንሣኤ የዋለው ሚያዝያ 24 ቀን ነበር፤ በዚህ አገር አቈጣጠር ሜይ 2 ቀን 2021 መሆኑ ነው። ከበዓሉ በኋላ ሦስተኛው ሳምንት ሳያልቅ፥ በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም በየዛፉ ሥር ያለው መሬት ጣት በሚያስገቡ ቀዳዳዎች ተበሳሳ። ሲመሽ ከየቀዳዳው ቡናማ፥ ክንፍ አልባ፥ የአውራ ጣት አንጓ የሚያህል ግልገል እየወጣ በግንዱ፥ በአጥሩ፥ በመኪናው ጎማ፥ በቤቱ ግድግዳ ላይ ተንጠላጠለ። ሌሊት ጀርባው ተሰንጥቆ ነጭና ለስላሳ፥ ዐይኑ ቀይ የሆነ ፍጥረት ከውስጡ ወጣ። ሲነጋ ክንፉ ተዘርግቶ፥ ሰውነቱም ጠንክሮና ጠቍሮ ተገኘ፤ ያወለቀው ቅርፊት ግን ግንዱን እንደ ጨበጠ ቀረ። ጥቂት ቀናት ቈይቶ ወንዶቹ መጮኽ ጀመሩ፤ ድምፃቸው የሚወጣው ከሆዳቸው ጎንና ጎን እንደ ከበሮ ቆዳ ከተወጠረ ስስ ገለፈት ነው። በዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ መነጋገር እስኪያስቸግር ድረስ ጮኹ።

ወቅቱ ሃምሳው ቀን ነበረ፤ ጾምና ስግደት የሌለበት፥ ምእመናን በትንሣኤው ሰላምታ የሚሳለሙበት። በሜሪላንድና በቨርጂኒያም የወረርሽኙ ገደብ እየተነሣ፥ ከአንድ ዓመት በላይ ቅዳሴውን በስልክና በኮምፒውተር የተከታተሉ ቤተ ሰቦች ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመለሱበት ወር ነበረ። ልጆች ከመኪና ሲወርዱ መሬቱን አይተው «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ብዙ ወላጅም «አንበጣ ነው» ብሎ መለሰ።

መልሱ ወላጅን የሚያስወቅስ አይደለም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በወሎና በራያ የደረሰ ማሽላና ጤፍ በአንበጣ መንጋ ሲወድም የታየበት ሥዕል ከሰው ዐይን አልጠፋም ነበርና። የዚህ አገር ሰዎች ራሳቸውም ይህን ፍጥረት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አንበጣ ሲሉት ኖረዋል። ስሙ ግን ሲካዳ ነው፤ ሰብል አይፈጅም፥ አይነክስም፥ በመንጋ ተጉዞም አገር አያጠፋም። ጥያቄው ደግሞ ከስሙ ይልቃል። ልጁ በዘወትር ትምህርት ቤቱ ስለ ነፍሳት ለውጥ ይማራል፤ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ደግሞ ስለ ትንሣኤ ሙታን ይማራል። «ነፍሳት» የሚለው ቃል እንኳ በአማርኛ ለሁለቱም ያገለግላል። ልጁ ሁለቱን ትምህርት በአንድ ልብ ይዞ እንዲያድግ ከተፈለገ፥ የሚመልስለት ሰው ስለ ሁለቱም በእርግጠኝነት መናገር ይኖርበታል።

የሲካዳውን ነገር ቀድሞ ከመረመሩት ሰዎች አንዱ የዚሁ አገር ጥቁር ሰው ነው። ቤንጃሚን ባኔከር በ1731 እ.ኤ.አ. በሜሪላንድ ከነጻ ቤተ ሰብ ተወለደ፤ ገበሬ ነበረ፤ የሥነ ፈለክንም ትምህርት በአብዛኛው ራሱን በራሱ አስተማረ፤ የፀሐይንና የጨረቃን መውጫና መግቢያ፥ ግርዶሻቸውንም አስልቶ በየዓመቱ መጽሐፍ ያሳትም ነበር። የባሕረ ሐሳብ መምህራን ቢያገኙት ኖሮ ቋንቋ ሳይከለክላቸው ይግባቡ ነበር። በ1791 የዋና ከተማዋ ወሰን ሲለካ ከለኪዎቹ ጋር ሆኖ ኮከብ ተመልክቷል፤ ልኬታው የተጀመረው አሌክሳንድሪያ፥ ጆንስ ፖይንት ከሚባለው የወንዝ ዳር ነው። የደቡቡ ማዕዘን ድንጋይ እዚያው፥ የሰሜኑ ማዕዘን ድንጋይ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ይገኛል፤ የዚህ ደብር ምእመናን በየሳምንቱ በመካከላቸው ይመላለሳሉ። ባኔከር በማስታወሻው እንደ መዘገበው ሲካዳውን መጀመሪያ ያየው በ1749 ነው፤ የ17 ዓመት ልጅ ነበረ። የምድሩን ፍሬ ሊያጠፋ የመጣ መስሎት ሊገድለው ተነሣ፤ ብዛቱን ሲያይ ድካሙ ከንቱ መሆኑን ተረዳ። በ1766 ተመልሶ መጣ፤ በ1783 ደግሞ መጣ፤ ባኔከርም በ1800 እንደሚመጣ አስቀድሞ ጻፈ። ከ1749 ጀምሮ 17 በ17 እየደመረ የሚቈጥር ሰው በ16ኛው ድምር 2021ን ያገኛል። ያኔ የታየውና በዚህ ዘመን የታየው አንድ ትውልድ ሐረግ ነው።

በመካከሉ 1987 እና 2004 አሉ፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር 1979 እና 1996 ዓ.ም. ማለት ነው። በ1979ኙ ጊዜ በዚህ አካባቢ ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በደርግ ዘመን የተሰደዱ ነበሩ፤ የሲካዳው ጩኸት ምን እንደ ሆነ የሚነግራቸው ዘመድ አልነበራቸውም። በ1996ቱ ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ ይነግሯቸው ጀመር።

ከአንዱ መምጣት እስከ ሌላው ምን ይሆናል? ሴቲቱ ቀጭን ቅርንጫፍ ሰንጥቃ እስከ 500 የሚደርሱ እንቁላሎች ታስቀምጣለች። እርሷም ወንዱም ከወጡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይሞታሉ። እንቁላሉ የሚፈለፈለው ከስድስት እስከ ዐሥር ሳምንት ቈይቶ ስለሆነ፥ ወላጅ ልጁን አያይም፤ ልጅም ወላጁን አያውቅም። የሩዝ ፍሬ የምታህለው ግልገል ከቅርንጫፉ መሬት ላይ ትወድቃለች፤ አፈሩን ቈፍራ ትገባለች፤ የዛፍ ሥር ፈልጋም ከሥሩ የሚወጣውን ውኃ መምጠጥ ትጀምራለች። ምግቡ ቀጭን ነው፤ ዕድገቷም ዝግ ያለ ነው። ፀሐይ ሳታይ፥ ቅርፊቷን ደጋግማ እያወለቀች 17 ዓመት ትኖራለች።

ጨለማ ውስጥ ሆና ዓመቱን እንዴት ትቈጥራለች? በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፥ ዴቪስ የሚገኙ ተመራማሪዎች 15 ዓመት የሞላቸውን ግልገሎች አውጥተው በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ እንዲያብቡ በተደረጉ የኮክ ዛፎች ሥር አኖሯቸው፤ ግልገሎቹም ጊዜያቸው ሳይደርስ ከአንድ ዓመት በፊት ወጡ። ጥናቱ በ2000 ታትሟል። ስለዚህ የሚቈጥሩት የዛፉን ክረምትና በጋ ነው፤ ዛፉ በጸደይ ሲያለመልም በሥሩ የሚወጣው ውኃ ይለወጣል፥ ለውጡም ይደርሳቸዋል። ቈጠራው ሲሞላና አፈሩ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ድረስ ወደ 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሞቅ፥ ማንም ሳያስተምራቸው በአንድነት ይወጣሉ። በአንድነት መውጣታቸው ጋሻቸው ነው። ወፉም፥ ሽኮኮውም፥ እባቡም ጠግቦ ይተዋቸዋል፤ የሚበዙትም ይተርፋሉ።

ሲካዳ ትል ሆኖ አያውቅም። ግልገሉ ከመነሻው ስድስት እግር ያለው፥ ወላጁን የሚመስል፥ ክንፍ ብቻ የጐደለው ፍጥረት ነው። አንበጣም በዚህ ረገድ ይመስለዋል። ነቢዩ ኢዩኤል በመጀመሪያው ምዕራፍ ተምች፥ አንበጣ፥ ደጎብያ፥ ኩብኩባ እያለ አራት ስም ይጠራል፤ ከተርጓሚዎች መካከል አራት የተለያዩ ነፍሳት ናቸው ያሉ አሉ፥ የአንዱ አንበጣ የዕድገት ደረጃዎች ናቸው ያሉም አሉ። ቢያንስ ኩብኩባን የኢትዮጵያ ገበሬ ያውቀዋል፤ ክንፍ ያላወጣ፥ በእግሩ እየዘለለ የሚተም አንበጣ ነው። ገበሬው ቦይ ቈፍሮ የሚቀብረው ኩብኩባውን የሆነበት ምክንያት አለ፤ ክንፍ ካወጣ በኋላ የሚያቆመው የለምና። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የነበረውን ወረራ በኢትዮጵያ ከ25 ዓመት ወዲህ ከታዩት ሁሉ የከፋ ብሎታል፤ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ይበላል። ይኸው አንበጣ ብቻውን ሲኖር ዓይናፋርና ጉዳት የሌለው ነው። ዝናብ መጥቶ ሣሩ ሲለመልም ይበዛል፤ ሣሩ ሲያንስ ይጠጋጋል፤ እርስ በርሱ ሲነካካ መልኩም ጠባዩም ይለወጣል። ለውጥ ሁሉ ወደ መልካም እንዳይደለ ለማስታወስ ይህ ይበቃል።

የቢራቢሮና የእሳት እራት፥ የንብና የጥንዚዛ ለውጥ ግን ሌላ ነው፤ በመካከሉ የተዘጋ ጊዜ አለው። እንቁላሉ ትል ይሆናል፤ ትሉ በቅርፊት ተሸፍኖ ይተኛል፤ ከቅርፊቱ በክንፍ ይወጣል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ሁሉ የምታውቀው ትሉን ነው፤ ምክንያቱም የቅዱስ ያሬድ መምህር ነበረ። ታሪኩን የማያውቅ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ የለም። ትምህርት እንቢ ብሎት፥ በመምህሩ በአጎቱ በአባ ጌዴዎን ተገርፎ የሸሸው ያሬድ ማይ ኪራሕ በተባለ ቦታ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ፥ አንድ ትል ወደ ዛፉ ሊወጣ ሲሞክር ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲወጣ አየ። መታሰቢያው ግንቦት 11 ቀን ነው፤ በዚህ አገር ሜይ 19 ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. በዚያ ዕለት የሲካዳ ግልገሎች በየዛፉ ግንድ ላይ እየወጡ ነበር።

መምህራን ከዚህ ታሪክ የትሉን ጽናት ያስተምራሉ፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ትሉ ለምን ያን ያህል ደከመ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ቢኖር የሚገባው መልስ አለ። ትል የሚያድገው በዚያ ዕድሜው ብቻ ነው። ሞናርክ የተባለው ብርቱካንማ ቢራቢሮ በትልነቱ በሁለት ሳምንት ገደማ ክብደቱን ወደ 2,000 ጊዜ እጥፍ ያሳድጋል፤ ክንፍ ካወጣ በኋላ ግን ቅንጣት ታህል አያድግም። ትንሽ ቢራቢሮ የትልቅ ቢራቢሮ ልጅ አይደለችም፤ ያው ያላት መጠን ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጫካ የምትገኘው ሉና የተባለች አረንጓዴ የእሳት እራትማ የሚሠራ አፍ እንኳ የላትም፤ አንድ ሳምንት ገደማ የምትኖረው ትል ሳለች ባከማቸችው ስንቅ ነው። ያሬድ ያየው ትል ሰባት ጊዜ የሞከረው ወደ ቅጠሉ ካልደረሰ ክንፍ የሚባል ነገር ስለማይኖረው ነው።

በቅርፊቱ ውስጥ የሚሆነውን ሰው ለረጅም ዘመን አላወቀም ነበር። ትሉ ሞቶ በስብሶ፥ ከበሰበሰው ሌላ ፍጥረት ይወለዳል የሚሉ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ያን ሐሳብ ያፈረሰው ያን ስዋመርዳም የተባለ ኔዘርላንዳዊ ሐኪም ነው። የትልን ቆዳ በረቀቀ መሣሪያ ገልጦ ከቆዳው በታች የክንፍን ጅማሬ አሳየ፤ ስለ ነፍሳት የጻፈው መጽሐፍ በ1669 እ.ኤ.አ. ታተመ። ትሉና ቢራቢሮው አንድ አካል መሆናቸው ከዚያ ወዲያ አላጠያየቀም። የዛሬ ሊቃውንት ደግሞ ይህን ይጨምራሉ፤ የክንፍ፥ የእግርና የዐይን መነሻ የሚሆኑ ጥቃቅን የሕዋስ ጥፍጣፊዎች ገና ከጥንቱ በትሉ ውስጥ ተቀምጠው ይቈያሉ። የትሉ ጡንቻና አንጀት ብዙው ይፈርሳል፥ ይሟሟል፤ የፈረሰውም ለእነርሱ ምግብ ይሆናል። የመተንፈሻው ቧንቧና የነርቩ ሥርዓት ግን እየተለወጠ ይቀጥላል። ይህን ሁሉ የሚያዝዙት ሆርሞኖች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ የልጅነት ሆርሞን ይባላል፤ እርሱ እስካለ ድረስ ትሉ ቆዳውን ቢቀይርም የበለጠ ትልቅ ትል ብቻ ይሆናል፤ እርሱ ሲጎድል ለውጡ ይጀምራል።

የቤተ ክርስቲያን አባቶች ይህን ምሳሌ ቀድመው ተጠቅመውበታል። የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ዘጠኝ ድርሳናት አስተምሯል። በስምንተኛው ላይ ስለ ሐር ትል ይናገራል፤ ሐር የሚፈትሉ ሴቶች ክሩን ሲያወጡ የትሉን መለወጥ አስበው ትንሣኤ ሙታንን እንዲያስተውሉ ይመክራል። አድማጮቹ እጃቸው ሥራ ላይ ያለ ሰዎች ነበሩና ምሳሌውን ከእጃቸው ወሰደላቸው።

ምሳሌ ግን ከአማናዊው ያንሳል። ለልጆች በቅንነት መነገር ያለበት አለ፤ ትሉ በቅርፊቱ ውስጥ አይሞትም። ልቡ ይመታል፥ ይተነፍሳል። ስለዚህ «ትሉ ሞቶ ቢራቢሮ ሆኖ እንደሚነሣ» ብሎ የሚያስተምር ሰው፥ ልጁ በሰኞ ክፍሉ የሚያፈርሰውን ትምህርት በእሑድ ይሰጠዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ትንሣኤ ሲጽፍ የመረጠው የዘርን ምሳሌ ነው፤ የሙታን ትንሣኤም በፍጥረት ሥርዓት የሚመጣ ሳይሆን በእግዚአብሔር ኃይል የሚፈጸም ነው። ከሐሩ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገርም አለ። ክሩ ሳይበጠስ እንዲወጣ የሐር ትሉ ገና በቅርፊቱ ሳለ በሙቀት ይገደላል፤ ስለዚህ የተፈተለለት ትል አብዛኛውን ጊዜ ክንፍ አላወጣም። ኢትዮጵያ ውስጥ የጉሎ ቅጠል እየበላ የሚረባ ኤሪ የተባለ የሐር ትል አለ፤ የእርሱ ቅርፊት አፉ ክፍት ስለሆነ እራቷ ከወጣች በኋላም ሐሩ ይፈተላል። ቅዱስ ባስልዮስ ያን ቢያገኝ ምሳሌው ይበልጥ ይመችለት ነበር።

ስለ ቃሉም ጥቂት ይነገር። የሳይንስ ሰዎች የነፍሳትን ለውጥ የሚጠሩበት «ሜታሞርፎሲስ» የሚለው ቃል ግሪክኛ ነው፤ ግሪኮች የደብረ ታቦርን በዓል የሚጠሩትም በዚሁ ቃል ነው። ቡሄ ላይ ችቦ የሚያበሩና ሙልሙል የሚቀበሉ ልጆች ይህን ቢያውቁ ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን በታቦር ተራራ የጌታ ባሕርይ አልተለወጠም፤ ክብሩ ለሐዋርያት ተገለጠ እንጂ። የተዋሕዶ ሊቃውንት የሥጋንና የመለኮትን ተዋሕዶ «ያለ ውላጤ፥ ያለ ቱሳሔ» ብለው የሚያስተምሩት በዚህ ጥንቃቄ ነው። ያ ቃል በሦስተኛ ቦታም ይገኛል፤ ቅዱስ ጳውሎስ የሮሜን ምእመናን በልብ መታደስ እንዲለወጡ ሲመክር የተጠቀመው ግስ ከዚሁ የወጣ ነው። እንግዲህ መለወጥ ለሰው የተሰጠ ሥራ ነው።

ወላጆች በውጭ አገር የሚፈሩት ግን ይህንኑ ቃል ነው። «ልጄ ተለወጠብኝ» የሚለው አነጋገር በዚህ አካባቢ ከቤት ወደ ቤት ይሰማል። ቋንቋው ሄደ፥ ሰላምታው ሄደ፥ ክፍሉን ዘግቶ ይውላል፤ ያ በስድስት ዓመቱ መዝሙር ያጠና ልጅ የት ገባ? ይላሉ። ከዚህ ጋር የሚገጥም ጥናት የተሠራው ከዚህ ብዙ ሳይርቅ፥ ዋሽንግተን ውስጥ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ነው። የጥናቱ ጥያቄ የእሳት እራት በትልነቷ የተማረችውን ታስታውሳለች ወይ የሚል ነበር፤ ውጤቱም በ2008 ታተመ። ተመራማሪዎቹ የትንባሆ ቅጠል የሚበሉ ትሎችን ወስደው፥ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያን የሚመስል ሽታ እያሸተቱ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሰጧቸው። ትሎቹ ከዚያ ሽታ መሸሽ ተማሩ። ከዚያ ተሸፈኑ፤ አካላቸው በዚያ ከላይ በተነገረው አኳኋን ፈርሶ ተሠራ፤ በክንፍ ወጡ። ከወጡ በኋላ በአንድ በኩል ያ ሽታ፥ በሌላው በኩል ንጹሕ አየር ያለበት መንታ መንገድ ቀረበላቸው። ከተማሩት ውስጥ ብዙዎቹ ከሽታው ሸሹ። ሽታው በገላቸው ላይ ቀርቶ እንዳይሆን ቅርፊቱ ታጥቦም ተሞከረ፤ ያው ሆነ። ነገሩ ትዝታ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም አላስታወሱም። ትምህርቱን በመጨረሻው የትልነት ደረጃቸው፥ ሊሸፈኑ ሲቃረቡ የተቀበሉት አስታወሱ፤ ገና ትናንሽ ሳሉ የተማሩት በትልነታቸው ቢያስታውሱትም ከለውጡ በኋላ ጠፋባቸው። ተመራማሪዎቹ ይህን ያያያዙት ዘግይቶ ከሚሠራው የአንጎል ክፍል ጋር ነው፤ ያ ክፍል ለውጡን ተሻግሮ ሳይቀር አይቀርም። ሰው የእሳት እራት አይደለም፤ ልጆችም የሚማሩት በንዝረት አይደለም። ስለዚህ ከዚህ ጥናት የአስተዳደግ ሕግ ማውጣት ልክ አይሆንም። ሆኖም አንድ የተለመደ አሠራር እንዲመረመር ያደርጋል። በብዙ አጥቢያዎች ሰንበት ትምህርት ቤቱ ለሕፃናት የደመቀ ነው፤ ልጁ 13 ወይም 14 ዓመት ሲሞላው ግን «አሁንማ አይሰማም» ተብሎ ይተዋል፤ መምህርም፥ ሰዓትም፥ ክፍልም ይጎድልበታል። እርሱ ክፍሉን የሚዘጋበት ዕድሜ መምህር የሚበዛለት ዕድሜ መሆን ነበረበት። በእንግሊዝኛ ቢሆንም እንኳ።

ንቦችን ሳይጠቅሱ ማለፍ ነውር ይሆናል፤ በየቅዳሴው የሚበራው ጧፍ የእነርሱ ሰም ነውና። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል እስከ ክንፍ 21 ቀን ይፈጅባታል፤ አውራዪቱ በ16 ቀን ትደርሳለች። የሁለቱ እንቁላል አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው በሚቀርብላቸው ምግብ ነው። ሰሙን የሚያወጡት ክንፍ ያወጡ ወጣት ሠራተኞች ከሆዳቸው ሥር ነው፤ ያ ሰም መልሶ የሚቀጥሉት እጮች የሚለወጡበት ክፍል ይሆናል። ከቀፎ የተረፈው ወደ ቤተ መቅደስ ይመጣል።

የቀረው ነገር ስለ ዛፍ ነው፤ ለደብሩ የሕንፃ ኮሚቴም የሚጠቅም ይመስላል። በ2004 እ.ኤ.አ. ሲካዳ በብዛት ከወጣባቸው ሰፈሮች በአንዳንዱ በ2021 አንድም አልወጣም። በመካከሉ ዛፉ ተቈርጦ ቤት ተሠርቶበታል፥ ወይም አስፋልት ፈስሶበታል፤ ሥር ሲጠፋ ግልገሉ ይራባል፤ አስፋልት ሲፈስበት መውጫ ያጣል። ቨርጂኒያ በ1991 የግዛቷ ምልክት ያደረገችው ቢጫና ጥቁር ቢራቢሮም እንቁላሉን ከሚጥልባቸው ዛፎች መካከል ቱሊፕ የሚባለው ረጅም ዛፍና የዱር ቼሪ ይገኙበታል፤ ሁለቱም በዚህ አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት ጓሮ የሚበቅሉ ናቸው። በሰሜን ኢትዮጵያ ግን ደኑ አልቆ የቀረው ዛፍ ብዙውን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ ያለው ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተዋል፤ ኋላም ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር በእነዚያ ዛፎች ላይ የሚኖሩትን ነፍሳት መርምረዋል፤ ደኖቹም እንዳያንሱ ከምእመናኑ ጋር ሆነው የድንጋይ አጥር እንዲታጠርላቸው አድርገዋል። ገበሬው ዙሪያውን አርሶ ደኑን ያልነካው ዐጸዱ የታቦቱ ነው ብሎ ነው። በዚህ አገር ግን አጥቢያ ሲመሠረት የሚገዛው ብዙውን ጊዜ የቆየ ሕንፃና ዙሪያው ነው፤ እሑድ መኪና ማቆሚያ ይጠባል፤ መጀመሪያ የሚታየውም በጓሮው ያለው ዛፍ ነው። የመኪና ማቆሚያ እጦት ቀላል ችግር አይደለም፤ አረጋውያንን ከሩቅ ያስኬዳል። ነገር ግን ዛፉን ለመቍረጥ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ከሥሩ ምን እንዳለ ይታሰብ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከቅርንጫፍ የወደቁት ግልገሎች ዛሬ በየዛፉ ሥር ናቸው። የሚወጡት በ2030 ዓ.ም. ግንቦት፥ በ2038 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት በዓለ ትንሣኤ ሚያዝያ 17 ቀን ስለሚውል፥ ያን ጊዜም ወቅቱ ሃምሳው ቀን ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. በዚህ አካባቢ ወንዶቹ በአርባ፥ ሴቶቹ በሰማንያ ቀናቸው የተጠመቁት ሕፃናት በዚያ ወር 17 ዓመት ይሆናቸዋል፤ ባኔከር መጀመሪያ ሲካዳውን ያየበትና ሊገድለው የተነሣበት ዕድሜ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።